አሮጊቷ ምክር ቤት የሄደች ዕለት

የአባቴ ቀን የሚሰላው በምልልስ ነበር። ከታክሲ ተራው ተነስቶ ገበያው ጋ ደርሶ መመለስ አንድ ምልልስ ነው። የጠዋቶቹ ምልልሶች የነዳጅ ናቸው፤ እንደ ሰው አደራ ስለሚያያቸው አይነካቸውም። ቀጥሎ ያለው የጎማና የዘይት ነው። ከዚያ የተራ አስከባሪው፣ የሻይና የዳቦው ይመጣል። ከሰዓት በኋላ የሚሠራው ለቤት ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለልጄ ወተት ነው። የመንገድ መብራት ሲበራ የሚሠራት የመጨረሻዋ ምልልስ ግን የማናችንም አይደለችም፤ የመኪናዋ ናት። “አሮጊቷም እንደ ሰው ትታመማለች፤ መታከሚያ ያስፈልጋታል” ይላል። የእሷን ድርሻ ለብቻው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል። ያቺ ቆርቆሮ ሞልታ አይቻት አላውቅም፤ ባዶዋንም አይቻት አላውቅም ነበር።

ቀኑ የሚበላው ግን ይህን ብቻ አልነበረም። ግራ ጉልበቱን ፍሪሲዮን ሲረግጥ ይበላዋል፤ ወገቡን ወንበሩ ይበላዋል፤ ማታ ሲገባ ድምፁ እንኳ ሰልሎ ነው የሚገባው። ቢሆንም ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሲሰቅል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ “ዛሬም አደረሰችን።”

ታክሲ ተራው ላይ ስሙ “ጋሽ እንቁላል” ነው። ጉድጓድ ባየ ቁጥር እንቁላል እንደጫነ ሰው ስለሚያዘግም ነው። ተራ አስከባሪው፣ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ፣ በየቀኑ ይለክፈዋል።

“ጋሽ እንቁላል፣ ዛሬ ተነስተህ ነገ ትደርሳለህ?”

“ነገም ቀን ነው፤ አንተ ዛሬ ትደርስና ነገ ትቀበራለህ።”

ተሳፋሪው ይስቃል፣ አሮጊቷ ሁለት ጊዜ ታስላለች፣ ከዚያ ትነሳለች።

አሮጊቷ መኪናዋ ናት። አባዬ ሲገዛት ራሱ ወጣት አልነበረችም፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። አረንጓዴ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ፀሐይ ልብሷን አስወልቋት ነበር። የአባዬ ወንበር ስፖንጁ አልቆ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀጠቀ ነው። አንዱ የጎን መስታወት በሽቦ ታስሮ ነው የሚያሳየው። በስተኋላ በቀኝ በኩል ያለው በር ደግሞ ዝም ብሎ አይዘጋም። መጀመሪያ ከፍ፣ ከዚያ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ከወረወሩት ተመልሶ ይከፈታል።

በሩ እንዲህ የሆነው በእኔ ምክንያት ነው። እናቴ እኔን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት አባዬ በአሮጊቷ ወሰዳት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ እንደደረሱ ሌላ ምጥ መጣባትና ለመውረድ የከፈተችውን በር በሁለት እጇ ተንጠልጥላበት ጮኸች። ማጠፊያው ጎበጠ። ከሰዓታት በኋላ እኔ ተወለድኩ። አባዬ ያንን በር አላሠራውም። እናቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ ጭራሽ አያስነካውም። ተሳፋሪ ሲወርድ ዞር ብሎ “ከፍ አርገው ገፋ፣ የኔ ጌታ” ይላል፤ ደንበኞቹ ሁሉ ለምደውታል። የማያውቅ ሰው ከወረወረው ግን አባዬ የራሱን ፊት እንደተመታ ነው የሚደነግጠው።

ከደንበኞቹ አንዷ “የተከበሩ” ነበሩ። ምክር ቤት ውስጥ አባላት ሲጠራሩ “የተከበሩ እገሌ” ስለሚባባሉ ታክሲ ተራው ስማቸውን ትቶ ማዕረጉን ብቻ ያዘላቸው። ቀድሞ የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበሩ፤ መግዛት ያቃተውን ሰው “ግማሹን ዛሬ ውሰድ፣ ግማሹን ሲኖርህ” እያሉ የሚሸኙ። ሰፈሩ በዚያ አውቋቸው መረጣቸው። የመረጣቸው ግን ለተቃዋሚው ወገን ነው፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ እፍኝ አይሞሉም። አባዬ “ሁላችሁም አሮጊቷ ላይ ብትሳፈሩ አንድ ወንበር ይተርፈኛል” ይላቸው ነበር። የራሳቸው መኪና የላቸውም። ጠዋት ጠዋት ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉና ወሬ ይጀመራል።

“የተከበሩ፣ ትናንት አሸነፉ?”

“ተሸነፍኩ ጋሼ።”

“ታዲያ ዛሬ ምን ሊያደርጉ ነው የሚሄዱት?”

“ልሸነፍ።”

“ጎበዝ! እኔም ተሳፋሪ ባይኖርም ተራ እይዛለሁ።”

አንድ ጠዋት ግን ለቀልዱ መልስ አልሰጡም። እኔም ልጄን አዝዬ ከኋላ ነበርኩ፤ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉና “አዲስ አዋጅ እየመጣ ነው ጋሼ፤ የተሽከርካሪ” አሉ።

“ምን የሚል?”

“መኪና ባረጀ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል። የመንገድ ክፍያ አለ፤ ምርመራውም በዓመት ሁለት ጊዜ ይሆናል፤ ታርጋም ይቀየራል። ለሁሉም ለየራሱ ይከፈላል። ያልከፈለ ታርጋውን ያስረክባል።”

አባዬ አንድ ጉድጓድ ቀስ ብሎ አለፈና “ሰው ሲያረጅ ጡረታ ይቆረጥለታል፤ መኪና ስታረጅ ቅጣት ይቆረጥባታል?” አለ።

የተከበሩ ሳቁ። “ይቺን ምክር ቤት እናገራታለሁ።”

“ይናገሯት። የራሴ ናት እንዳይሉ እንጂ።”

እውነቱን ለመናገር አዋጁ ያለ ምክንያት አልመጣም። ያረጁ መኪኖች ያጨሳሉ፣ መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ትራፊኩን ያንቃሉ ይላሉ። አሮጊቷም ታጨሳለች፤ አልክድም። ግን አዲስ መኪና መግዛት የሚችል ሰው አሮጌ ለምን ይነዳል? የተከበሩ ያመጡትን ረቂቅ ኮፒ ያደረግሁላቸው እኔ ስለነበርኩ ማታ ቤት ተቀምጬ ክፍያዎቹን በአባዬ ምልልስ መነዘርኳቸው። የመጨረሻዋ ምልልስ ብቻ አልበቃችም፤ የዳቦውም የወተቱም ገቡበት፤ ያም አልበቃም። ወረቀቱን አጥፌ ልብስ ሥር ከተትኩት። አባዬ ግን አይቶኝ ነበር።

“ስንት ሆነ?”

“ብዙ።”

“እሷን እሸጣለሁ ማለት ነው?”

“የተከበሩ እኮ እየታገሉ ነው አባዬ።”

እውነትም ታገሉ። አዋጁን ማስቀረት እንደማይችሉ ያውቃሉ፤ እጅ ቆጥሮ የማይበቃው ሰው ምን ያደርጋል? ስለዚህ አንዲት አንቀጽ ብቻ ያዙ፦ በየቀኑ ሰው እየጫነ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አሮጌ መኪና ከዕድሜ ጭማሪው ነፃ ይሁን የምትል። በየኮሚቴው ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ተቋረጡ፣ እንደገና ተነሱ። በመጨረሻ ከገዢው ወገን ራሱ አንዳንዶቹ “እህታችን እውነት አላት” ማለት ጀመሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢም ለዘብ አሉ። “እንግዲህ ሁልጊዜ የደሃ መኪና፣ የደሃ መኪና ትሉናላችሁ፤ እስቲ አንዷን አምጡና በዓይናችን እንያት። ድምፅ የምንሰጥ ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ ትቁም” አሉ።

የተከበሩ ያን ዕለት ከታክሲ አልወረዱም ቢባል ይሻላል፤ በረሩ። ቤታችን ድረስ መጡ። አባዬ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ ነበር፤ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

“ጋሼ፣ አሮጊቷን ይዘውልኝ ይመጣሉ?”

“ምክር ቤት?” አለ አባዬ።

“ምክር ቤት። ግን እንዳለች። እሺ? ምንም ሳይነካኩ፣ እንዳለች።”

“እሺ፣ እንዳለች” አለ አባዬ።

ያንን “እሺ” እኔም ሰምቼዋለሁ። ውሸት አልነበረበትም።

በማግስቱ ወሬው ታክሲ ተራው ደረሰ። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ “ከነጭቃዋ? ምክር ቤት? ጋሽ እንቁላል፣ ልታዋርደን ነው እንዴ?” አለ።

“እንዳለች ነው ያሉት።”

“እሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው! ሰው ቤትህ ሊመጣ ሲል ‘ምንም አታዘጋጅ’ አይልህም? እና ባዶ ትሪ ታቀርብለታለህ?”

ይህ ነገር ሁሉንም ገባቸው። ሹፌር መኪናውን ሳያጥብ ተራ አይገባም፤ ሳይጠርግ ሰው አያስገባም፤ የቆሸሸ መኪና ይዞ ትልቅ ሰው ፊት መቅረብ ማለት ያንን ትልቅ ሰው መስደብ ነው። ከሁሉም ደግሞ አሮጊቷ የምትሄደው ለራሷ ብቻ አይደለም፣ ለተራው ሁሉ ነው። ወዲያው አንዱ ሹፌር ገና ከላስቲኩ ያልወጣ የወንበር ልብስ ይዞ መጣ፤ ለልጁ ሠርግ ያስቀመጠው ነበር። ሌላው የራሱን የጎን መስታወት ፈትቶ አመጣ። የጎማ ክዳን ያላቸው ክዳን አዋጡ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ቀለም ቀቢ ደግሞ “ቀለሙ ከእኔ፣ ሻዩ ከእናንተ” ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ጉድጓዶቿን በስቱኮ ሞሉላት፤ ስቱኮው ሲደርቅ ፈተጓት፤ በአረንጓዴ ቀቧት። እኔ ከሥራ ስመለስ አሮጊቷ ጋራዡ መሀል ቆማ ታበራ ነበር። አላወቅኋትም።

“አባዬ፣ እንዳለች ብለውህ ነበር እኮ።”

“እንዳለች ናት። ታጥባ፣ እንዳለች።”

“ቀለሙስ?”

ጨርቁን ጨምቆ ትከሻው ላይ ጣለና አየኝ። “አንቺ ለሥራ ፈተና ስትሄጂ የጎረቤት ጫማ ተውሰሽ አይደል የሄድሽው? ውሸታም ነበርሽ?”

ፊቱን አየሁት። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም። ቀለም ቀቢው በመዶሻው ወደ ቀኙ የኋላ በር ሲጠጋ ብቻ አባዬ እጁን ያዘው።

“እሱን ተወው።”

“ጋሼ፣ ሁለት ምት ናት፣ ቀጥ ይልልሃል።”

“ቀለሙን ቀባው። ማጠፊያውን ተወው።”

የምክር ቤቱ ዕለት ልጄን አዝዬ አብሬው ሄድኩ። ከኋላ በቀኝ በኩል የተቀመጥኩት በመንገድ ላይ በሩ እንዳይከፈት ለመያዝ ነው። አባዬ የታጠበና የተተኮሰ ኮት ለብሷል፤ ጉድጓዶቹን ከወትሮው በበለጠ እያባበለ ነው የሚያልፈው። በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው አሮጊቷን አየና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ የባለሥልጣን መኪና መስሎት ነው። አባዬ በመስታወቱ አየኝ። “አየሽ?” አለኝ። ስንት ዓመት ሲነዳ አንድ ዘበኛ እንኳ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም።

የተከበሩ ደረጃው ሥር እየጠበቁን ነበር። አሮጊቷን ሲያዩ መጀመሪያ አላወቋትም፤ ከኋላችን ሌላ መኪና እንዳለ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ መሪው ላይ አባዬን አዩት። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ሲወድቅ አየሁት፤ እንደ ዕቃ ነው የወደቀው። ግን ወዲያው አነሱት። “እንኳን ደህና መጡ ጋሼ” አሉ። “እንዴት አማረባት።”

“ለእርስዎ ብለን ነው” አለ አባዬ።

ሌላ ለመናገር ጊዜ አልነበረም፤ የኮሚቴው አባላት ከደረጃው እየወረዱ ነበር። ሰብሳቢው ሽበታም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ክፉ ሰው አይመስሉም። አሮጊቷን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጣታቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፣ ጎተቱና ጣታቸውን አዩት፤ ንጹሕ ነው።

“የተከበሩ፣ ይቺ ናት የደሃዋ መኪና? እኔ ራሴ እንዲህ ያለች የለችኝም!”

ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ “ሙሽራዋ የት አለች?” አለ። ደግሞ ተሳቀ። አባዬም አብሮ ፈገግ አለ፤ ያመሰገኑት መስሎታል። ከመኪናው ወርዶ ቆቡን በእጁ ይዞ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሰብሳቢው ወደ እሱ ዞሩ። “አባት፣ እንደምን አደሩ?”

“እግዜር ይመስገን። እንደምን አደሩ።”

“ሥራስ እንዴት ነው?”

ይህን ጥያቄ አባቴን ማንም ሰው በማንኛውም ቀን ቢጠይቀው መልሱ አንድ ነው። ጎማ የፈነዳ ዕለትም፣ እናቴን የቀበረ ሳምንትም፣ ቆርቆሮዋ ሥር ሳንቲም ስትንኳኳም ያው ነው። ችግሩን ለማያውቀው ሰው የሚዘረግፍ ሰው አይደለም።

“ተመስገን” አለ። “ምን ጎድሎብን።”

ሰብሳቢው እጃቸውን ዘርግተው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ፤ ሌላ መናገር አላስፈለጋቸውም።

ያን ጊዜ የተከበሩ የሾፌሩን በር ከፈቱ። እኔ ከኋላ ሆኜ አይቻለሁ። ጎንበስ ብለው የአዲሱን የወንበር ልብስ ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ልብሱ ሥር ያለቀው ስፖንጅ አለ፤ ሽቦው አለ፤ ማዳበሪያ ከረጢቱ አለ። ብድግ ቢያደርጉት ሁሉም ያየዋል። ቀና ብለው በፊት መስታወቱ አሻግረው አባዬን አዩት። ኮቱን፣ ቆቡን፣ ፈገግታውን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልብሱን ሊገልጡበት ነው፤ ደግሞ እሱ ለእሳቸው ብሎ ያለበሰውን ልብስ። ጣቶቻቸው እዚያው ቆሙ። ከዚያ የታማሚ አንሶላ እንደሚያስተካክል ሰው ጠርዙን ዳበስ፣ ዳበስ አድርገው መለሱትና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

እኔ ያለሁበትን በር ያን ቀን ማንም ሳይከፍተው ቀረ። ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ በዚያ በር ልግባ ቢል ኖሮ በሩ እጁ ላይ ይንጠለጠልበትና እውነቷን ያይ ነበር።

ውስጥ ለሕዝብ በተተወው ወንበር ላይ ተቀመጥን። የተከበሩ ተራቸው ሲደርስ ተነሱ። ወረቀት ይዘው ነበር፤ አላነበቡትም። “ምስክሬ ታጥቦ ስለመጣ ሀብታም አይደለም” አሉ። “የታጠበው እናንተን አክብሮ ነው። ቀለሙ የጓደኞቹ ነው፣ መስታወቱ የጓደኛው ነው። የእሱ የሆነው ተመስገን ማለቱ ብቻ ነው። ተመስገን የሚልን ሰው ምንም አልጎደለውም ብላችሁ ከወሰዳችሁት፣ በዚህ አገር አቤት የሚል ሰው አታገኙም፤ የተጎዳ ግን ታገኛላችሁ።” ከገዢው ወገን ከለዘቡት አንዷ አንገቷን ደፋች። ሰብሳቢው ግን ሰዓታቸውን አዩ። “ጊዜዎን ጨርሰዋል፣ የተከበሩ።”

እጅ ወጣ። አዋጁ ያለ አንቀጿ አለፈ። “የሚቃወም?” ሲባል ከኋላው ረድፍ እነዚያ አሮጊቷ የምትበቃቸው እጆች ብቻ ተነሱ።

አባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። “ምን አሉ?”

“አለፈ።”

“አንቀጿስ?”

“ቀረች።”

“ለምን? ጥሩ ተቀብለውን ነበር እኮ” አለ።

ቀለሟን አይተው፣ “ተመስገን” ማለቱንም ሰምተው ያልተቸገረ እንደመሰላቸው ያን ጊዜ ነገርኩት። ቀስ ብዬ ለመንገር ሞክሬ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ቀስ ተብሎ አይነገርም። ቆቡን ራሱ ላይ አደረገ፣ አወለቀ፣ ደግሞ አደረገ።

ስንመለስ የተከበሩ እንደ ወትሮው ፊት ተቀመጡ። መንገድ ላይ ክርናቸውን አነሱና አዩት፤ እጅጌያቸው አረንጓዴ ሆኗል። የበሩ ጠርዝ ገና አልደረቀም ነበር።

“ጋሼ፣ እኔንም ቀለም ቀባችሁኝ እንዴ?”

ሊያስቁት ነው። አልሳቀም።

“እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አለ።

“አይደሉም።”

“እንዳለች ብለውኝ ነበር።”

“ብዬ ነበር።” መስኮቱን አዩ። “ግን እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን አጥቤ ነበር የማመጣት።”

ቤት ስንደርስ አባዬ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀለው። “ዛሬም አደረሰችን” አላለም።

በቀጣዮቹ ቀናት የተዋሰውን መመለስ ጀመረ። የወንበሩን ልብስ አጥቦ አጣጥፎ ለባለቤቱ ሰጠው። መስታወቱን ፈታ። የጎማ ክዳኖቹን ለየሰዉ አደረሰ። አሮጊቷ ቁራጭ በቁራጭ ወደ ራሷ ተመለሰች፤ ቀለሙ ብቻ የሚመለስ አልነበረም። ተራ አስከባሪው ያን ሰሞን አንድም ቀን አልለከፈውም፤ ያ ነው ከሁሉ የከፋው። የክፍያው ጊዜ እየቀረበ ሲመጣ ከተራው ላይ አንድ በአንድ መኪኖች ጠፉ። አባዬ ቆርቆሮዋን ገልብጦ አየ፤ እኔም ያለኝን ጨመርኩ፤ ባለቤቴም ከሚሠራበት ከሩቅ አገር የቻለውን ላከ። አልደረሰም። ልጄ ትኩሳት ይዟት ሐኪም ቤት ስንመላለስ ደግሞ ያለውም ተነካ። አባዬ አንድ ቀን ሊብሬውን ከሳጥኑ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ያንን ሲያደርግ ማንም አልጠየቀውም፤ እኔም ዞር አልኩለት።

ገዢው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ገንዘቡን በፌስታል የያዘ ችኩል ሰው ነው። “ቀለሟ ነው የሳበኝ” አለ። አባዬ ስለ እሷ ሊነግረው ፈለገ፤ ጠዋት ሁለት ጊዜ ካሳላት በኋላ ብቻ እንደምትነሳ፣ ዳገት ላይ እንዳይጣደፍባት።

“እሺ አባት፣ አውቃለሁ። መኪና መኪና ነው።”

“ይቺን በር ደግሞ ከፍ አድርገህ...”

ሰውዬው ሻንጣውን ከኋላ አስገባና በሩን ወረወረው። ተመልሶ ተከፈተ። ደግሞ ወረወረው፣ በኃይል። አባዬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፤ እጁን ጉንጩ ላይ አደረገ። ሰውዬው ሦስተኛ ሊደግም ሲል አባዬ ሄዶ በሩን በሁለት እጁ ያዘው፤ ከፍ አደረገው፣ ገፋው። ጠቅ ብሎ ተዘጋ። እጁን እዚያው ላይ ትንሽ አቆየው። ከዚያ አሮጊቷ ሄደች፤ ጥግ ላይ ስትታጠፍ ስታስል ተሰማን።

አሁን አባዬ የአንድ ትልቅ ሕንፃ መኪና ማቆሚያ በር ጠባቂ ነው። የሰው መኪና ያስገባል፣ ያስወጣል። ተስፋ የምቆርጥ ሰው አይደለሁም፤ ደመወዙ በወቅቱ ነው፣ ጉልበቱም ያርፍለታል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ከበርጩማው ላይ ተቀምጦ ሳየው ግራ እግሩ ባዶውን መሬት ይረግጣል፤ ይለቃል፤ ይረግጣል። ቤት ውስጥ የትኛውንም በር ሲዘጋ መጀመሪያ ከፍ ያደርገዋል፤ የቁም ሣጥኑን እንኳ። በቅርቡ ደግሞ ልጄ፣ ገና አፏን ያልፈታችው፣ የጓዳውን በር በሁለት ትናንሽ እጆቿ ይዛ ወደ ላይ ስትገፋው አየኋት። በር የሚዘጋው እንደዚያ ነው የሚመስላት። ሳቅሁ፤ ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

የተከበሩ አልቆሙም። አረንጓዴ የነካው እጅጌያቸው አልለቀቀም፤ ልብሱን አልጣሉትም። ከሥራ ሲመለሱ ማቆሚያው በር ላይ ከአባዬ ጋር ይቀመጣሉ። አንቀጿን እንደገና ሊያቀርቧት ነው፤ ባለፈው አንገቷን የደፋችው አባል ዘንድሮ አብራቸው ትፈርማለች። ስለዚህ መኪኖች ያስፈልጋሉ። አባዬ ራሱ ታክሲ ተራው ድረስ ሄዶ ለቀሩት ነገራቸው።

“እባካችሁ፣ ሳታጥቡ ኑ።”

“ከነጭቃችን፣ ጋሽ እንቁላል?” አለ ተራ አስከባሪው። በለስላሳ ድምፅ ነው ያለው።

“ከነጭቃችሁ። ሥራ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋችሁ ተመስገን በሉ፤ ተመስገን ማለት አይቀርም። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። ከተመስገን በኋላ ያለውን ንገሯቸው።”

ይቺ አንቀጽ ብታልፍ ለእነሱ ነው የምትደርሰው፤ ለአባዬ ጊዜዋ አልፏል። ያውቀዋል። ግን ሄዶ ነገራቸው።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ አነበብኩለት። ጉልበቱን እያሸ ሰማኝ። “የሚያነቡትን ሰዎች የምትላቸው ነገር አለ?” ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ክፍያው ይናገራል ብዬ እስክሪብቶ ይዤ ጠበቅሁ።

“ቀለሟ ተቀይሮ ይሆናል፤ በቀለሟ አይፈልጓት” አለ። “ግን የትም አገር፣ የትም መንገድ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ አስላ የምትነሳ አሮጌ መኪና ላይ ቢሳፈሩ፣ ከኋላ በቀኝ በኩል ያለውን በር ይዩት። የሚንጠለጠል ከሆነ እሷ ናት። ሲወርዱ አይወርውሩባት። ከፍ፣ ከዚያ ገፋ። ቢቸኩሉም። ከፍ አድርገው ይዝጉላት በይልኝ።”